ፍጥነት ሲገዛ ፍሬን ይረሳል

ከዲላ ተነስቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ ፍስሐ ገነትን የሚያቋርጠው አስፋልት በካርታ ላይ ሲታይ አዲስ አበባን ከሞያሌና ከኬንያ የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ መንገድ ነው። ዳር ቆሞ ላየው ግን የሰፈር ግቢ ነው። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ መንደሩና መንገዱ አይለያዩም። ተማሪው ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ይሄዳል፣ ፍየሉ መሐል ገብቶ ይቆማል፣ እንሰት የተሸከመችው ሴት ጭነቷ እያጋደላት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትላለች። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከገጠሩ የጭቃ መንገድ የሚወጡ መኪኖች ጭቃውን በጎማቸው ይዘው አስፋልቱ ላይ ያነጥፉታል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ በዚህ መንገድ ላይ በሁለት ጎማ በፍጥነት ስለሚሄድ ሰው ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ሰው አንድ ዓይነት ነበር። ሞተር ይነዳል፣ ሰው ወይም ጆንያ ይጭናል፣ ነዳጅ ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚን በውድ ይገዛል። አሁን ሌላም መጥቷል። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ባትሪ የሚለው ቃል ከስልክ ወጥቶ ወደ ጎማ ተሻግሯል። ተራ ብስክሌት ላይ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ ዳገቱን ያለ ላብ መውጣትም የማይቻል ነገር አይደለም። ዕቃው ከቻይና በካርቶን ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ውስጡ ሞተር ያለበት ጎማ፣ ኮንትሮለር የሚባለው መቆጣጠሪያ፣ ሽቦ፣ እጀታ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለው ልጅ በአንድ ከሰዓት ይገጥመዋል።

ገጥሞ እንደጨረሰ ከጓደኞቹ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ስንት ይሮጣል?” የሚል ነው። “በስንት ሜትር ይቆማል?” ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ችግሩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ብስክሌት ሲሠራ ጎማው፣ ራጂው፣ ፍሬኑ፣ ቴላዮው ሁሉ የታሰቡት የሰው እግር ለሚሰጠው ጉልበት ነው። ሞተሩን ስንጨምርበት ከእነዚህ ሁሉ የተቀየረው የሚያስኬደው ክፍል ብቻ ነው፤ የሚያቆመው እንዳለ ቀርቷል።

ለምን ይህ አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት አንድ የፊዚክስ ሕግ ይበቃናል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ የያዘው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ግድግዳ ቢመታ ከሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ያህል ነው፤ ያማል፣ ብዙ ጊዜ ግን ተነስቶ ይሄዳል። በ50 የሚሄደው የሚወድቀው ከአሥር ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ነው።

አሁን ሒሳቡን ወደ መንገዱ እናውርደው። አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ከፊትህ 15 ሜትር ላይ አስፋልቱ ውስጥ ገባ እንበል። አይተህ፣ አስበህ፣ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ያልፋል። በ25 ስትሄድ በዚያች ሰከንድ ሰባት ሜትር ተጉዘሃል፤ ፍሬንህ ደህና ከሆነና መንገዱ ከደረቀ በስድስት ሜትር ትቆማለህ። በድምሩ 13 ሜትር፤ ልጁ ተርፏል። በ50 ስትሄድስ? ፍሬኑን ገና ሳትነካ 14 ሜትር አልፏል። ልጁን የምትመታው ፍጥነትህ ሳይቀንስ፣ ከነሙሉ ጉልበትህ ነው። በዚህ ፍጥነት ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት 38 ሜትር አካባቢ ነበር። ልብ በል፤ ይህ ሁሉ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ነው። ጭቃ የነካው አስፋልት፣ የበላ የፍሬን ሸራ ወይም ከኋላ የተጫነ ኩንታል ሲጨመርበት ቁጥሩ ከዚህም ይከፋል።

ይህን ያህሉ ሜዳ ላይ ነው። ጌዴኦ ግን ሜዳ አይደለም።

ይርጋ ጨፌ ከዲላ በ300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከዚያ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ያንን ከፍታ የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ብስክሌቱ ከነሞተሩና ከነባትሪው 40 ኪሎ፣ ነጂው 65፣ ከኋላ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ቢሆን በድምሩ 165 ኪሎ ይሆናል። ይህ ክብደት 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ጥቂቱን ነፋሱ ይወስደዋል፤ ቀስ ብለህ ከወረድክ ግን አብዛኛው የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ነው፤ ማለትም ሁለት ጥንድ ትናንሽ ጎማ ቁራጮች ወይም ጥፍር የሚያህሉ ሸራዎች ያን ሁሉ ሙቀት ሊውጡት ነው። የመንገዱ ውጣ ውረድ እየከፋፈለ ስለሚሰጣቸው ይተርፋሉ እንጂ በአንድ ጊዜ ቢሆን አይችሉትም።

የብስክሌት ፍሬን ሁለት ዋና ዓይነት ነው። አንደኛው ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠው ነው። ይህኛው ሲሞቅ የሚሞቀው ቸርኬው ራሱ ነው፤ ቸርኬው ሲግል ውስጥ ያለው የከለመዳሪ አየር ያብጣል፣ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ የፈነዳበት ጊዜ አለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቸርኬው ይረጥብና ፍሬኑ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጎማ ዙሮች ውሃ ከመጥረግ ውጭ ምንም አይሠራም። በ25 ሲሄዱ ጥቂት ዙር ብዙ አይደለም። በ50 ሕይወት ነው። ሁለተኛው ዓይነት የጎማው እምብርት አጠገብ ያለውን የብረት ሰሃን የሚይዘው የዲስክ ፍሬን ነው። ብስክሌት ላይ ሞተር የሚገጥም ሰው ከሞተሩ በፊት ሊገዛው የሚገባው ይህንን ነው፤ የሚቻል ከሆነ በካቦ ሳይሆን በዘይት የሚሠራውን። ካቦ ይሳባል፣ በውስጡ ዝገት ይገባበታል። እጀታው አጠገብ ያለውን የካቦ ጫፍ አጎንብሶ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ወይም ሁለቱ ተበጥሰው እንደ እሾህ ወጥተው ያገኛል። ያ ካቦ ዛሬም ይይዛል፤ የሚበጠሰው ግን ቀስ ተብሎ ሲያዝ አይደለም፣ በድንገት በሙሉ ኃይል ሲሳብ ነው። ማለትም ልጁ ኳሱን ተከትሎ በገባበት ቅጽበት።

ዲስኩም ቢሆን ወሰን አለው። ብረቱ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ቀለም ከያዘ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ሸራው ገጹ እንደ መስታወት ከለሰለሰ እጀታውን ብትጨብጠውም አይነክስም። ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ በስሱ ይዞ አይደለም። ከላይ ሲጀመር ቀስ ብሎ መጀመር፣ ፍጥነት ሲጨምር በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅና ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ጠረን ካለው ቆሞ ማሳረፍ። ዲስኩን በእጅ መንካት አያስፈልግም፤ ይልጣል።

ቤንዚን ሞተር የሚነዱ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ረዳት አላቸው፤ ማርሽ። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይጎትታል። ይህንን ረዳት ግን ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በገዛ እጃቸው ይጥሉታል፤ ማርሹን አውጥተው በፎሌ ይለቁታል። አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ያለችበትን ዋጋ ስለማውቅ አልፈርድም። ነገር ግን የተቆጠበው ቤንዚን ከፍሬን ሸራው ዋጋ ጋር እንኳ አይመጣጠንም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ይለያል። ጎማው እምብርት ላይ የሚገጠሙት ሞተሮች ሁለት ዓይነት ሲሆኑ አነስ ያሉትና ጥርስ ያላቸው ሲለቀቁ በነፃ ይሽከረከራሉ። ይህ ማለት ነጂው ሳያውቀው ሁልጊዜ በፎሌ ነው የሚወርደው። ተለቅ ያሉትና ጥርስ የሌላቸው ግን ኮንትሮለሩ ከፈቀደ ወደ ኋላ ሠርተው ቁልቁለቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይሩታል፤ ፍሬን ይሆናሉ፣ ባትሪም ይሞላሉ። ለጌዴኦ ተራራ የተፈጠረ ይመስላል። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለው። ሌሊቱን ይርጋ ጨፌ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ወደ ዲላ የሚወርድ ሰው ባትሪው የሚጨመረውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። መቆጣጠሪያው ባትሪውን ለማዳን ሲል ያንን ፍሬን ሊያቋርጠው ይችላል፤ በሌላ ጊዜ በግማሽ ባትሪ ሲወርድ አጥብቆ ሲይዝ የነበረው ዛሬ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ለሚነሳ ሰው ባትሪውን ሙሉ ለሙሉ አለመሙላት የተሻለ ነው። በሞተር ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ የእጅ ፍሬኑን በበላ ሸራ ይዞ መንዳት ግን በምንም መልኩ አይገባም።

ፍጥነትን ወድዶ በብስክሌት ላይ ሞተር መግጠም አዲስ ነገር አይደለም። ሲልቬስተር ሮፐር የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ኮሎምቢያ የተሰኘች ብስክሌት ላይ የእንፋሎት ሞተር ገጥሞ ነበር። ከዓድዋ ድል ሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1896፣ በ72 ዓመቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ይዟት ወጣ። ፔዳል የሚመቱትን ብስክሌተኞች ጥሏቸው ሄደ፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠች። ከዚያ የፊት ጎማዋ ሲወላገድ ታየ፣ ወደቀ፣ ሲደርሱበት ሞቷል። ልቡ ቆሞ እንደሆነ ተነግሯል፤ ልቡ ቆሞ ይውደቅ ወድቆ ልቡ ይቁም ግን አልተለየም። እኔን የሚገርመኝ ጎማው ነው። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ሞተር የሌለበት የፊት ጎማ ነበር።

ወደ ገጠማው እንመለስ። እምብርት ላይ ያለ ሞተር ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ፔርኖውን ወደ ኋላ ማዞር ይፈልጋል። ፔርኖውን የሚይዘው ቴላዮው ላይ ያለው ጠባብ ስንጥቅና ሁለት ዳዶ ብቻ ነው። ጠንካራ ሞተር ዳገት ሲጀምር 40 ኒውተን ሜትር የሚሆን የመጠምዘዝ ኃይል ቢያወጣ፣ የፔርኖው ጠፍጣፋ ጎን ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ስንጥቁ ላይ የሚያርፈው ግፊት በግምት የ400 ኪሎ ክብደት ነው። ብረት ቴላዮ ቀስ እያለ ይሰፋል። አሉሚኒየም ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ሞተሩ የፊት ጎማ ላይ ከሆነ ጎማው ከሹካው ተፈንቅሎ ይወጣል፤ ነጂው በአፍጢሙ ይደፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ፔርኖውን ጨብጦ ቴላዮው ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ክንድ። ካርቶኑ ውስጥ ከሌለ ብረት በያጅ ጋር ሄዶ ማስቆረጥ ይቻላል። ሞተርን አሉሚኒየም የፊት ሹካ ላይ መግጠም ግን በፍጹም አይመከርም፤ ክንድም ቢኖረው።

ራጂዎቹን በጣት እየነኩ ማዳመጥ ጥሩ ልማድ ነው። የተወጠረ ራጂ ይጮኻል፣ የላላ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ሞተር የተገጠመበት ጎማ ከጭነቱ ጋር ስለሚከብድ ራጂ ቶሎ ይላላል፤ አንዱ ሲላላ ጎረቤቱ የእሱን ድርሻ ተሸክሞ ይበጠሳል።

ከዚያ “ሞዲፋይ” የሚባለው ይመጣል። ነጂው በ30 መሄድ ይሰለቸውና የ36 ቮልት ባትሪውን በ48 ይቀይረዋል። የሞተር ፍጥነት ቮልቴጅን ስለሚከተል 30 የነበረው ወደ 40 ያድጋል። ነገር ግን ነፋስ በነፃ አያሳልፍም። በእኛ ከፍታ ላይ በ25 ለመሄድ ነፋሱን ለመግፋት 100 ዋት ያህል ይበቃል፤ በ50 ለመሄድ 800 ያስፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ፣ ዋቱ ስምንት እጥፍ። ባትሪው በቶሎ ያልቃል፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅል ይግላል፣ ለ36 የተሠራው ኮንትሮለር ሊቃጠል ይችላል። ፍሬኑ፣ ራጂውና ጎማው ግን ማን እንደቀየራቸው ሳያውቁ ከአዲሱ ፍጥነት ጋር ይጋፈጣሉ። ዳገት ለሚወጣ ሰው ፍጥነት አይደለም የሚያስፈልገው፤ በቀስታ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ፣ ማርሽ ያለው ሞተር ነው። ይህንን ጉዳይ ሻጮች ሲያስረዱ ብዙም አይሰማም።

ለ36 ቮልት የተሠራ ባትሪ ሲሞላ 42 ላይ መቆም አለበት፤ ለ48 የተሠራው 54.6 ላይ። ቻርጀሮቹ ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ ሶኬታቸውም ሊገጥም ይችላል። የ48ቱን ቻርጀር 36ቱ ላይ የሰካ ሰው ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ካልያዘለት እሳት ነው የሰካው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ደግሞ በውሃ ባልዲ አይጠፋም። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ባስነሱት ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማዋ የደህንነት ፈተና ያላለፈ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ ያወጣችው ሕግም በዚያው ዓመት መስከረም ሥራ ላይ ዋለ። እዚያ የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች ይደርሳል። እዚህ ባትሪ የሚሞላው ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ከአልጋ ሥር፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ሌላውን መናገር አያስፈልግም። ከቤት ውጭ ታዛ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሞላ።

ሌሎች አገሮች የፍጥነቱን ገመድ የት እንዳሰሩት ማየት ይጠቅማል። አውሮፓ ሞተር ያለው ነገር ብስክሌት ተብሎ እንዲቀጥል ከተፈለገ ሞተሩ ከ250 ዋት እንዳያልፍ፣ 25 ኪሎ ሜትር ላይም እርዳታውን እንዲያቆም ያዛል። እስከ 45 የሚሄደው ሰሌዳ ያወጣል፣ እንደ ሞተር ይቆጠራል። ቻይናም ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 ኪሎ ሜትር፣ 400 ዋትና 55 ኪሎ ክብደት ወስና ነበር፤ ሻጮቹ ገደቡን በአንዲት ሽቦ ይፈቱት ስለነበር ደንቡን እንደገና ለማጥበቅ ተገድዳለች። በእኛ አገር ስለ ሁለት ጎማ የሚነሳው ክርክር ከፍጥነት ይልቅ በፀጥታ ዙሪያ ነበር። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ብስክሌትን ያገደችው ለዝርፊያ እየዋለ ነው በሚል እንጂ ሰው እየገጨ ነው ብላ አይደለም።

የቀረው ጭንቅላት ነው። ሄልሜት በእኛ ሕግ ግዴታ ነው፤ ከተማ መግቢያ ላይ ትራፊክ እስኪታይ ድረስ ግን ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ የሚጓዝ ጌጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥናቶች ሰብስቦ እንዳሳተመው ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ሆኖም ሁሉም ሄልሜት አንድ አይደለም። የተራ ብስክሌት ሄልሜት በአውሮፓ የሚፈተነው ከአንድ ሜትር ተኩል፣ ማለትም በግምት ከብስክሌተኛ ጭንቅላት ቁመት ሲወድቅ ነው፤ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሆላንዶች ፈጣኑ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲበዛባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ለእሱ ብቻ የሚሆን ጠንከር ያለ መለኪያ አወጡ። የሞተር ሄልሜት የሚፈተነው ከዚያም ከፍ ባለ ፍጥነት ነው። ስለዚህ 40 እና 50 የሚሄድ ሰው ብስክሌት ላይ ቢቀመጥም የሚያስፈልገው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቆብ አይደለም፤ ጆሮንና አገጭን የሚሸፍነው የሞተር ሄልሜት ነው።

ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም ጭንቅላት አለው። ጌዴኦ ውስጥ ከገበያ ሲመለስ ሞተር ላይ የሚፈናጠጠው እናት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ታዳጊ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ሄልሜቱ ግን አንድ ነው፣ እሱም የነጂው። ሁለተኛ ሄልሜት ሲገዛ ያገለገለ ከሆነ ውስጡን ገልጦ ማየት ነው። ጭንቅላትን የሚያድነው የውጩ ላስቲክ አይደለም፣ ውስጥ ያለው ነጭ ፎም ነው፤ አንድ ጊዜ ሲመታ ተጨምቆ ሥራውን ጨርሷል፣ ተመልሶ አይነፋም። ጨርቁን ወደ ጎን አድርገው ፎሙ ላይ ስንጥቅ ወይም የገባ ቦታ ካዩ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ሻጩም ምንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ፣ አይግዙት።